መሐሉ የተበሳው መስታወት

ጡረታ የወጡት የዓይን ሐኪም አሮጌ መሣሪያዎቻቸውን በለስላሳ ጨርቅ እየጠቀለሉ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይደረድሩ ነበር። በማግስቱ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሰዎች መጥተው ለቤተ መዘክራቸው ይወስዷቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮዋ በሩ ላይ ቆመው የሚመለከቱት ግን አንዱን ብቻ ነው፤ መሐሉ የተበሳውን፣ ባለ ቀንድ እጀታውን ክብ መስታወት። ሐኪሙ በዚያች ቀዳዳ እያጮለቁ ስንቱን ዓይን ዘልቀው አይተዋል! ጉንጭ ለጉንጭ ሊነካኩ እስኪደርሱ ያልቀረቡት በሽተኛ የለም። የሚስታቸውን ዓይን ግን አንድም ቀን አላዩም። ጤነኛ ነበራ!

«እኔንም እየኝ» አሉ ወይዘሮዋ።

«ምን ሆንሽ? ያሳክክሻል?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ጤነኛ ዓይን ምን ብዬ ልይ?»

«ለመታየት የግድ መታመም አለብኝ? ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ በጣቴ እወጋው ነበር።»

ሐኪሙ ሳቅ አመለጣቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም የሚያሻውስ ምላስሽ ነው» አሉና መጋረጃውን ዘጉ። ወይዘሮዋን አስቀምጠው መብራቱን ከወይዘሮዋ ጆሮ ኋላ አስጠጉ። «ግራሽን በመዳፍሽ ሸፍኚ። በቀኝሽ ግድግዳውን እይ፤ እኔን አትይኝ።»

መስታወቱን ዓይናቸው ላይ ደግነው የመብራቱን ብርሃን ወደ ወይዘሮዋ ዓይን መለሱት፤ የሐኪሙ ፊት ቀረበ። ትንፋሻቸው የወይዘሮዋን ጉንጭ አሞቀው። በስንት ዘመን ትዳር፣ ደክመው ገብተው ፊታቸውን አዙረው የሚተኙት ሰው እንዲህ ቀርበዋቸው አያውቁም። ወይዘሮዋ አላስቻላቸውም፤ ትእዛዙን አፍርሰው ወደ ባላቸው ተመለከቱ። ያገኙት ግን ፊት ሳይሆን የሚያጥበረብር ብርሃን ብቻ ነበር።

«ግድግዳውን አልኩሽ!»

«እሺ ጌታዬ!»

ሐኪሙ በቀዳዳዋ አጮለቁ። ከዚያም ወይዘሮዋ ሰምተውት በማያውቁት ድምፅ፣ «እንዴት ጥርት ያለ ነው» አሉ። «ይህ ሁሉ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነበር?»

ይህን ሲናገሩ የባላቸው ፊት ምን ይመስል ይሆን? መስታወቱ ገና ከመነሣቱ ወይዘሮዋ ቸኩለው ቀና አሉ። ከችኮላቸው ብዛት መዳፋቸውን ማንሣት ረስተዋል፤ በቀኝ ዓይናቸው ላይ ደግሞ ብርሃኑ ትቶት የሄደ ጥቁር ነጥብ፣ ልክ የባላቸው ፊት ባለበት ቦታ ተደቅኖ ቀረ። ዓይናቸውን ቢያርገበግቡ፣ ቢያርገበግቡ አልሄድ አለ። በመጨረሻ ሲጠራላቸው ሐኪሙ ጀርባቸውን ሰጥተው መስታወቱን ይወለውላሉ።

«ግራውስ?» አሉ ወይዘሮዋ፣ መዳፋቸውን ሳያነሡ። «ሁለት ዓይን እኮ ነው ያለኝ።»

ሐኪሙ ወደ ተከፈተው ሣጥን ተመለከቱ። ከዚያም መስታወቱን እንደያዙ ወንበራቸውን ወደ ወይዘሮዋ ሳብ አድርገው ተቀመጡ።