ሠላሳ ኪሎ ሜትር በዜሮ ደቂቃ

አያ ጀብሪል የታሰሩት «ወደ ሰማይ ፋኖስ አወዛወዙ» ተብለው ነው። እሳቸው ከመርሳ በላይ ባለው ማሽላቸው፣ ማማ ላይ ወጥተው በፋኖስ ከርከሮ ሲያባርሩ ነበር። ይሁንና ከማማው ትይዩ፣ በምዕራቡ ተራራ ላይ፣ ሦስት ምሽት ሙሉ አንድ ደማቅ ነገር ታይቷል። የአብዮት ጥበቃው ሹም ጓድ ወንድሙ በዓይኑ ለካና «ርቀት ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነት በሰዓት ዘጠኝ መቶ፣ የወንበዴ አውሮፕላን» ብሎ ጻፈ። የቀረው የሳይንስ አስተማሪው የስዩም ፊርማ ነው። ሽማግሌው ነገ ጧት ወደ ወልድያ ይላካሉ፤ እንዲህ ተልኮ የተመለሰ ደግሞ አልታየም።

«ቆሞ የሚታይ ነገር እንዴት ዘጠኝ መቶ ይሮጣል?» አለ ስዩም፣ ደሙ ፈልቶ።

«ወደኛ እየመጣ ስለሆነ ነዋ!»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«አስተማሪ፣ አፍህን ሰብስብ።»

«ትልቅነቱን ሳታውቅ ርቀቱን፣ ርቀቱን ሳታውቅ ፍጥነቱን ከየት አመጣኸው? ቅርብ ቢሆን ወልድያ ላለ ሰው በሌላ አቅጣጫ ይታይ ነበር። ደውልና ጠይቅ!»

ወንድሙ ልክ በምሽቱ አንድ ሰዓት ደወለ። ወልድያም ያንኑ ነገር በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ከፍታ እያየች ነበር። ስዩም «ተገላገልን» ብሎ እጁን አፋተገ። ወንድሙ ግን ስልኩን ዘግቶ ላቡን ጠረገ።

«ጉድ ፈላ! አንድ ሰዓት ላይ እዚህ፣ አንድ ሰዓት ላይ ወልድያ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር በዜሮ ደቂቃ!»

ስዩም ሊጮህ አፉን ከፈተ። ሽማግሌው በታሰሩበት መጋዘን በር ቀዳዳ የአያ ጀብሪል ነጭ ጢም ታየው። ንዴቱን ዋጠና፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ያላደረገውን አደረገ።

«ጓድ፣ ወንበዴ በቅሎ እንኳ የለውም። ይህን ያህል የሚፈጥን ነገር በዓለም ላይ ማን ነው ያለው?»

ወንድሙ አሰበ፤ ፊቱ ገረጣ። «ሶቪየት…?»

«እኔ አላልኩም። ግን ለወዳጅ አገር መብራት ያሳየ ገበሬ ለምን አሰርክ ቢሉህ፣ መልስ አዘጋጅ።»

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ወንድሙ ራሱ የአያ ጀብሪልን ጋቢ አቧራ እያራገፈ አወጣቸው። ስዩምም «በሳይንስ ተረጋግጧል» ከሚለው ስር ፈረመ።

መንገድ ላይ አያ ጀብሪል ቀና ብለው ያንን ደማቅ ነገር አዩ፤ አሁንም እዚያው ነው።

«ልጄ፣ ምንድን ነው አልካቸው?»

«የሶቪየት መንኮራኩር።»

«አስተግፊሩላህ! ኮከብ አይደለም እንዴ?»

ፕላኔት ነው ብሎ ለማረም ስዩም አፍ አልነበረውም። «ኮከብ ነው፣ አያ።»

«እኔማ በመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸው ነበር። ይሄ ሰውዬ ይሸፋፍናል ብለው የጠረጠሩኝስ በዚያው አይደል!»

«አውቃለሁ» አለ ስዩም፣ ወደኋላው ገልመጥ ብሎ። «አሁንም ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»