እናቲቱን የጠየቀ የለም

ከአትላስ ሆቴል ጀርባ ካለው ቤታችን ሦስት ሽማግሌዎች ሲገቡ ባለቤቴ ሰይድ፣ «ሐሚዳ፣ እንግዳ መጣ፣ ሙስአብን ጥሪው» አለኝ። ልጃችን ሙስአብ በ1989 ጥቅምት ከተቀበረ ሰባት ወሩ ነው።

«ደሴ አክስቱ ጋ ሄዷል» አልኩት፣ በዚያ ጠዋት ለአምስተኛ ጊዜ።

መኪና የገጫቸው አባትና ልጁን አንድ ላይ ነው። ልጄ እዚያው ሞተ፤ ሰይድ ጭንቅላቱን ተመታ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ አዲስ ነገር የሚይዝለት የአንጎሉ ክፍል ተጎድቷል፤ ንዴቱን የሚገታለትም እንደዚያው። አንድ ቀን እውነቱን ነገርኩት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ረሳው፤ ግን ለምን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ እስከ ማታ ሲያለቅስ ዋለ። ዳግመኛ አልነግረውም ብዬ ማልኩ።

ከሹፌሩ ጋር ሊያስታርቁን የመጡትን ሽማግሌዎችም የልጄ ስም እንዳይነሣ አስቀድሜ ለምኛቸዋለሁ። እሺ አሉ፤ ይቅርታው ግን ከአባት አፍ ካልወጣ እርቅ አይባልም አሉ። ወግ ነዋ!

ሹፌሩ ተስፉ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አለ ሰይድ።

«በመኪና ገጭቶዎት ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ አቶ በዳሳ፣ እኔን በጎን እያዩ።

«እኔን? ይኸው ደህና ነኝ! አውርደው ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ተስፉ ግን ደግነቱን አልቻለውም። ድንጋዩን አውርዶ ሰይድ እግር ላይ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ሙስአብን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሰይድ ድንጋዩን ብድግ አደረገው። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ አቶ በዳሳ ወገቡን ያዙት። ድንጋዩ ከተስፉ ራስ አንድ ስንዝር ርቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰይድ መሬት ላይ ተዘርፍጦ «ልጄን! ልጄን!» እያለ ጮኸ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጩኸቱ ቆመ። ፊቱን ዳበሰና እርጥብ እጁን ግራ ተጋብቶ አየው። ከዚያ አጠገቡ ወደሚንሰቀሰቀው ተስፉ ዞረ።

«አይዞህ ልጄ» አለው ትከሻውን ይዞ፣ «ማን ሞቶብህ ነው?»

አቶ በዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቅድም ይቅር ብለዋል። እንግዲህ እንመርቅ።»

ደሜ ፈላ። «ማን ነው ይቅር ያለው? እሱ ምኑን ያስታውሳል? የቀበርኩት እኔ፣ እየዋሸሁ የማኖረው እኔ! እናቲቱን የጠየቀ አለ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተስፉ በጉልበቱ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ አልችልም» አልኩት። «ነገ ና። ሽማግሌ አታምጣ።»