ማንም ያልነቀፈው ፕሮግራም

ኮምቦልቻ ኮሌጅ ውስጥ ሶፍትዌር የምታስተምረው ሰልዋ፣ የዛን ዕለት ጠዋት ተማሪዎቿን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነቀፋ። በሐሜት ጊዜ እንደ ልብ የሚገኘው ነቀፋ ግን ባለቤቱ ፊት ሲፈለግ ድራሹ ይጠፋል።

ተማሪዎቹ ፕሮግራም መጻፍ የሚለማመዱበትን መተግበሪያ ከኮሌጁ ጋር በመተባበር የሠሩት ኖርዌያዊው ፕሮፌሰር ሄንሪክ ናቸው። ዓመታት ደክመውበታል። ታዲያ ኢንተርኔት ለአፍታ ከተቋረጠ መተግበሪያው ተማሪው የጻፈውን ሁሉ ይውጠዋል። እነሱ አገር ስለማይቋረጥ ማንም ልብ አላለውም፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ያልተቋረጠበትን ቀን መቁጠር ይቀላል። ከቦሩ ሜዳ የመጣችው ከሪማ ስንቴ የቤት ሥራዋ እንደተበላባት አላህ ይወቀው። ዘንድሮም ካላስረከበች ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ዛሬ የተማሪዎቹን አስተያየት ሰምተው መተግበሪያውን ያጸድቃሉ፤ ከጸደቀ ዓመቱን ሙሉ የሚነካው የለም።

«ችግሩን ንገሯቸው። ሊሰሙ ነው የሚመጡት» አለች ሰልዋ።

«እሺ፣ ቲቸር» አሉ ሁሉም። ይህችን እሺታ ታውቃታለች።

ፕሮፌሰሩ ደሴ አድረው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ ሆዳቸው ተገለባብጦ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ደረሱ። ቢሆንም አላረፉም፤ ተማሪዎቹን በየተራ ጠየቁ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ ወንድምአገኘሁ።

«እንከን የለውም» አለ ሙንዚር። ትናንት ኪቦርዱን በቡጢ የመታው ሙንዚር!

ከሪማ ደግሞ መሬት መሬት እያየች «ብዙ ረድቶናል» አለች። ሰልዋ ደሟ ፈላ፤ ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«አብደሻል? ሊያባርሩሽ እኮ ነው!»

«ታዲያ ቲቸር፣ ስንት አገር አቋርጠው፣ ታመው ለመጡ እንግዳ ያመጡት አይረባም ይባላል? ነውር አይደል? እርስዎ ይንገሩልን።»

«እነግራቸዋለሁ። ወላሂ እነግራቸዋለሁ።»

ስትመለስ ፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ ተደግፈው ውሃ ይጎነጫሉ።

«ሰልዋ፣ እየፈራሁ ነበር የመጣሁት» አሉ ፈገግ ብለው። «ድካሜ ሁሉ ከንቱ የሆነ መስሎኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሌሊቱን ስታዘጋጀው ያደረችውን ንግግር ልትጀምር አፏን ከፈተች። የሰውዬውን የገረጣ ፊት አየች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች። «እናመሰግናለን።»

ፕሮፌሰሩ እፎይ ብለው ላፕቶፓቸውን ከፈቱና አጸደቁት።

በማግስቱ ከሪማ የቤት ሥራዋን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ኢንተርኔቱ ሄደ። የጻፈችው ሁሉ ጠፋ። ሰልዋ ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን አገር ይያዝልኝ ትል ነበር፣ ዛሬ ግን የምትቆጣው ሰው አጣች። ልጅቷ እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።

«ከሪማ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «ተቀየምሽኝ?»

ከሪማ ቀና ብላ ፈገግ አለችላት።

«ኧረ ምን በወጣዎ፣ ቲቸር። በጣም ጥሩ ነው።»