የጓንት ወረቀት

ዶክተር ማናሴን መበቀል እፈልግ ነበር፤ ተበቀልኩት። ይህን ስል የሚደነግጥ ካለ ይደንግጥ። በደል ሲፈጸም ደንግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ፣ ተበዳይ «አልረሳም» ባለ ቀን ሽማግሌ ሆኖ ብቅ ይላል።

ስሜ አሰፋሽ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዋላጆች ብቻ የምንሠራበት ማዋለጃ አለን። ኃላፊዋ እኔ ነኝ። አራት አዋላጆች፣ ስድስት አልጋና አንድ አሮጌ ሚኒባስ። ምጡ ከአቅማችን በላይ ሲሆን እናቲቱን ወደ ሆስፒታል እንወስዳለን። አብራት የሄደችው አዋላጅ፣ ሐኪም ፈርሞ እስኪረከባት ድረስ ከጎኗ አትነቃነቅም። ደንባችን ነው።

የካቲት ላይ ሱሃይላ ሀጂራን ይዛ ሄደች። ሱሃይላ ከአዋላጆቻችን ታናሿ ናት፤ ሀጂራ ደግሞ ወንጂ አገዳ የሚቆርጠው የኑሬ ሚስት። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ምጧ አልገፋ ሲል ሱሃይላ ጊዜ አላባከነችም፤ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ የሆስፒታሉ በር ደርሰዋል። ተረኛው ሐኪም ማናሴ ነበር። ሀጂራ ኮሪደር ላይ፣ ስትሬቸር ላይ ተኝታ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ የልጁ ልብ ቆሞ ነበር። ደሟም አልቆም ብሎ ማሕፀኗን አወጡት። ማናሴ መረከቢያው ቅጽ ላይ «7፡45 ደረሰች» ብሎ ጻፈ። ሱሃይላ እያለቀሰች፣ ሳታነበው ፈረመች።

እኔ ማናሴን አውቀዋለሁ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በእሱ ሥር እሠራ ነበር። በቃል ያዘዘኝን መርፌ ወግቼ አንዲት ወላድ ስትሞት፣ ዓይኔን እያየ «እኔ አላዘዝኩም» አለ። የተጻፈ ነገር አልነበረም። የጥፋተኝነት ደብዳቤ አስፈርመው አባረሩኝ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ «ሰዓትና ፊርማ የሌለው ትእዛዝ ትእዛዝ አይደለም» እያለ ያሠለጠነን እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ሰዓት የረሳሁበትን ካርድ አንድ ቀን ፊቴ ላይ ወርውሮታል።

ሀጂራ ኦፕራሲዮን በሆነች ማግሥት ጠዋት፣ በደም የጨቀየውን የሱሃይላን ጋዋን ማጠቢያ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ኪሱን ፈተሽኩ። ሦስት የጓንት መጠቅለያ ወረቀቶች ነበሩበት። ምጥ የምትከታተል አዋላጅ ደብተር አትፈልግም፤ የምታገኘው ጓንቱ የተጠቀለለበትን ነጭ ወረቀት ነው። የፅንሱን የልብ ምት እሱ ላይ ትጽፍና፣ በኋላ ካርዱ ላይ ገልብጣ ትጥለዋለች። ሱሃይላ የመገልበጫ ጊዜ አላገኘችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሰዓቱንና ምቱን ጽፋለች።

ሦስተኛው ወረቀት በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ወደ ተረኛ ሐኪሙ ክፍል የላከችውና የተመለሰላት ነው። «6፡55፣ 104፣ እየወረደ ነው፤ እባክዎ ይምጡ» ይላል። ሥሩ ላይ በሌላ እስክሪብቶ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ባልረሳሁት ዘመም ያለ ጽሑፍ፣ «ይጠብቁ» ተብሏል። አጠገቡ «6፡58»፤ ከዚያ ፊርማው። ለቁርጥራጭ ወረቀት ማን ሰዓት ይሞላል? ማናሴ ይሞላል! ሠላሳ ዓመት የለመደ እጁ ጌታውን አሳልፎ ሰጠ።

ሱሃይላ ከሰዓት በኋላ መጣች።

«ሲስተር፣ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ወረቀት አላገኙም?»

«የምን ወረቀት?»

«የጓንት። አንዱ ላይ እሱም ጽፎበት ነበር።»

«ታጥቧል» አልኳት።

«ወይኔ! ወይኔ ሲስተር!»

ዋሸኋት። ወረቀቶቹ ቢሮዬ ተቆልፎባቸው ነበር። ያን ዕለት ባወጣቸው ማናሴ «ተጣድፌ ተሳስቻለሁ» ብሎ ቅጹን ያርማል፣ ይቅርታ ይላል፣ ነገሩ ይዳፈናል። እኔ የፈለግሁት ውሸቱን እንዲጨርስ ነበር፤ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሰው ፊት ደግሞት። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሱሃይላ ጉዳዩን ከሚመረምረው ኮሚቴ፣ የሙያ ፈቃዷ ሊነጠቅ እንደሚችል የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። ምግብ አስጠላት፤ ሀጂራን ለመጠየቅ እንኳ ፈርታ ቀረች። አየኋት፤ ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት።

ምርመራው ሦስት ቀን ሲቀረው ማናሴ ራሱ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ።

«አሰፋሽ! እዚህ ነው ለካ የተደበቅሽው?»

«አልተደበቅሁም ዶክተር። ታፔላ አለን።»

ሳቀ። ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ነገሩን ለምን እናካርረዋለን? ‘በርክክብ ሂደት ክፍተት ታይቷል’ ተብሎ ይጻፍ። ልጅቷ ስድስት ወር ትታገድ፣ ከዚያ ትመለሳለች። ቤታችሁም አይዘጋም፤ እኔ አናግራቸዋለሁ።»

ክፍተት! ይህችን ቃል የፈለሰፈ ሰው ምንኛ ተመችቶት ኖሯል! ሕፃን ይሞታል፣ ገዳይ የለም፤ ክፍተት አለ። ክፍተት ስም የለው፣ ደመወዝ አይበላ፣ ተረኛ ክፍል ውስጥ እግሩን ሰቅሎ አይቀመጥ። እኔ ግን ስም ነበር የምፈልገው።

«እንዳልሳሳት ብዬ ነው» አልኩት፤ «የደረሱት 7፡45 ነው?»

«ጽፌዋለሁ እኮ።»

«ለኮሚቴውም እንደዚያው?»

«ፈርሜ አስገብቻለሁ። ምነው?»

«ምንም። ደግ አደረጉ።» ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታወቅብኝ እስከ መኪናው ሸኘሁት።

በምርመራው ቀን ሀጂራና ኑሬ እንዲመጡ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሀጂራ ሆዷን በነጠላ አጥብቃ አስራ፣ ባሏን ተደግፋ ገባች። ሰብሳቢው አቶ ፈይሳ «አካም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላትና ወንበር ሳበላት። ማናሴ መግለጫውን አነበበ፦ አዋላጆቹ አጓትተዋታል፤ እሱ ጋ የደረሰችው ልጁ ከሞተ በኋላ ነው። ሱሃይላ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

እጄን አወጣሁ። «ዶክተር፣ ከ7፡45 በፊት ስለዚህች ሴት ሰምተው ነበር?»

«በፍጹም።»

«ማንም አልነገረዎትም? ማንም ወረቀት አልላከልዎትም?»

«በፍጹም አልኩሽ እኮ!»

ጸሐፊዋ እስክትጽፈው ጠበቅሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቶቹን ሱሃይላ ፊት ዘረጋኋቸው። «አንብቢ።»

ወረቀቶቹን አየች፤ እኔን አየች። ድምፅዋ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«6፡10፣ በር ላይ፣ 138። 6፡25፣ ኮሪደር፣ 132። 6፡40፣ ኮሪደር፣ 116…»

«ምንድን ነው ቁጥሩ?» አለች ሀጂራ።

«የልብ ምት ነው እህቴ» አልኳት።

«የልጄ?»

«የልጅሽ።»

ኑሬ ከወንበሩ ተነሣ፤ እንደ ቆመ ቀረ። ሱሃይላ ቀጠለች። «7፡10፣ 92። 7፡25፣ 70። 7፡40፣ አይሰማም።» ሦስተኛውን ወረቀት ማንበብ አቃታት፤ ለፈይሳ አቀበለችው። ፈይሳ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ አየው።

«ዶክተር፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

ማናሴ ወረቀቱን አይቶ በእጁ ገፋው። «ይህ ሰነድ አይደለም! የጓንት ቆሻሻ ነው!»

«ሰዓትና ፊርማ አለው» አልኩት። «ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ አንተ አልኩት። ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ እኔ አነሣ። ያንን ፊት ሠዓሊ ቢስልልኝ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር።

የማናሴ የሙያ ፈቃድ ያን ዕለት ታገደ፤ በሐሰት የተሞላው ቅጽ ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ። ሱሃይላ ነፃ ወጣች። ሀጂራ ፈይሳን «138 የሚለውን ስጡኝ» ብላ ለመነችው። ማስረጃ ነው፣ አይሰጥም አላት። ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ሰጣት፤ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ደጅ ላይ ሱሃይላን ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላ አለች።

«ታጥቧል ብለውኝ ነበር።»

«ውሸቱን እስኪጨርስ ነው። ቀድሜ ባወጣው ያመልጠን ነበር።»

«ሦስት ሳምንት እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነው ያደርኩት። በር ላይ ቆይቼ፣ መንገድ ላይ ዘግይቼ ይሆን እያልኩ። እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«ሱሃይላ፣ እሱን ለመያዝ…»

«እሱም ይጠብቁ ነው ያለው፣ ሲስተር።»

ጋዋኗን አውልቃ፣ አጥፋ ክንዴ ላይ አኖረችልኝና ወደ ባጃጆቹ ሄደች። አሁን ዓለም ጤና ከተማ ነው የምትሠራው፤ ስደውል አታነሣም። ያለችውን ለማፍረስ ብዙ ሞከርኩ። እስካሁን አልፈረሰልኝም። ማናሴ ግን ዛሬ ኮሪደር ላይ የሚያስጠብቃት ሴት የለችውም፤ በዚህ ደስ ይለኛል፤ ደስታዬን ማንም አይነካብኝም።