ንክሻው

መብራቱ ሊጠፋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እናቷ በበሩ ገባች።

ዳይሬክተሯ የኋላው መደዳ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትበላ ነበር። ስታያት እጇን ከአፏ አወረደች። ታላቅ ወንድሟ እናታቸውን ክንዷን ይዞ እየመራ ከሩቅ ጠቀሳት። ደስ ያሰኛት መስሎታል ምስኪን።

ፊልሙ ገና አላለቀም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ስልሳ ሰው የተጠራው የት እንደሚስቅ፣ የት እንደሚደነግጥ፣ የትስ እንደሚያዛጋ ለማየት ነው። ታሪኩ የአንዲት ሙሽራ ነው። ባሏ በሠርጋቸው ሳምንት ይሞትና ዞምቢ ሆኖ ይነሳል። እሷ ግን "ባሌ ባሌ ነው" ብላ ቤት ውስጥ ደብቃ ታኖረዋለች። ሽታውን በሽቶ ትሸፍናለች፣ እያጓራባት ጥርሱን ትቦርሽለታለች፣ ለጎረቤት "ጉንፋን ይዞት ነው" ትላለች። እስከ እኩሌታው ድረስ በሳቅ ሆድ ያስይዛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነው ለፕሮዲዩሰሩ ያልተዋጠለት።

ለፕሮዲዩሰሩም ለማንም ያልነገረችው ነገር ቢኖር፣ ሙሽራዋ እናቷ፣ ዞምቢው አባቷ መሆናቸውን ነው። አባቷ ከመሞቱ በፊት አራት ዓመት ሙሉ የመርሳት ሕመም ይዞት ሚስቱን አያውቃትም ነበር። እናቷ በየጠዋቱ ጢሙን እየላጨች "ዛሬስ ማን ነኝ?" ትለዋለች። አንድ ቀን ቆጣሪ አንባቢ ያደርጋታል፣ ሌላ ቀን ከጓሮው ሰላጣ ልትሰርቅ የገባች ሌባ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ የሰማችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ጽፋዋለች፤ ሳታስፈቅድ።

ተነስታ ፕሮዲዩሰሩን እጅጌውን ያዘችው።

"አቁመው።"

"ምኑን?"

"ፊልሙን። እናቴ መጥታለች።"

"ታዲያ ወንበር አጣች?"

"እባክህ፣ ሌላ ቀን ይሁን።"

"ስልሳ ሰው ጎልቼ? ጤናም የለሽ!"

መብራቱ ጠፋ።

ሰዉ ገና ከመጀመሪያው ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ክንፍ ታወጣ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ሳቅ እንደ እሾህ ይወጋታል። ዓይኗ ከስክሪኑ ላይ የለም። ከእሷ ሦስት መደዳ ፊት ያለው የእናቷ ማጅራት ላይ ተተክሏል። ማጅራቱ ንቅንቅ አይልም።

የጢሙ ትዕይንት ደረሰ። ሙሽራዋ የዞምቢውን አገጭ አረፋ ቀብታ፣ "ዛሬስ ማን ነኝ?" አለችው። "እግግግ" አላት። "የቤት አከራይ? አልሆነልህም፤ ነገ ሞክር።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሟም ሲስቅ ቆየና ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ። በጨለማው ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን ፈለጋት። ገብቶታል። እናትየው እንደተገተረች ናት።

ከዚያ ዞምቢው የሙሽራዋን ክንድ ነከሰ። ሳቁ በአንዴ ጩኸት ሆነ፤ አንዲት ሴት ውሃዋን ጎረቤቷ ላይ ደፋች። እናቷ ያኔ ብድግ አለች። የሰው እግር እየረገጠች፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል ወጣች።

ዳይሬክተሯ እየሮጠች ተከተለቻት። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ጨብጣ ቆማለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ምኑን እማዬ?"

"አትቀልጂብኝ። ሐኪሙ ነው? ወይስ ያቺ አክስትሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ጢሙን ስትላጪው ራሴ እኮ..."

"ስለ ጢም ማን ጠየቀሽ!"

እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አለ፤ የጥርሱ ቁጥር ሳይቀር ይታያል።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። አባቷ ታሞ ሳለ አንድ በጋ እናቷ በዚያ ሁሉ ሙቀት ረጅም እጅጌ ስትለብስ፣ "ሳሙና ተቆጥቶኝ ነው" ስትል ትዝ አላት። በፊልሙ ውስጥ ፍጹም ፈጠራ የምትለው ንክሻውን ብቻ ነበር። ታሪኩ ማር ማር ሲላት፣ ትንሽ ይምረር ብላ ነው የከተተችው።

"አንቺን ይንሳኝ፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት።"

እናቷ ፊቷን መረመረችው። ከአዳራሹ የብረት ድምፅ፣ ከዚያ ሳቅና ጭብጨባ ተሰማ።

"ምን አድርጋው ነው?"

"በመጥበሻ መታችው።"

እናቷ እጅጌዋን መልሳ አወረደች። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

"እኔም መትቼዋለሁ" አለች። "በጥፊ። ሁለቴ። የመጀመሪያው እጄን ለማስለቀቅ ነበር። ሁለተኛው ግን..."

ልጅቷ እጇን የት እንደምታደርገው ጨነቃት። አጠገቧ ተቀምጣ፣ "ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያማ ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ 'ማነው የመታሽ?' አለኝ። አረፋው ግማሽ ጉንጩ ላይ አለ። 'አሳዪኝ ብቻ፣ አጥንቱን ነው የምሰባብረው' ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ሳቅ አመለጠኝ። ደሜ እየወረደ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ሆዴን ይዤ። እሱም እኔን አይቶ ሳቀ።"

ልጅቷ ሳቀችም አለቀሰችም። ግን እያለቀሰች፣ ወዳ ሳይሆን፣ ካሜራው መሬት ተጠግቶ ታያት። ሙዚቃ የለም። አረፋ የተቀባ ጉንጭ፤ "ማነው የመታሽ?"

"ልብሽ ሄደ" አለች እናቷ።

"የት?"

"እዚያ።" በአገጯ የአዳራሹን በር አሳየቻት። "ጢሙንም ጥያቄውንም ውሰጂው፣ ይሁንልሽ። ይሄ ግን የእኔና የእሱ ነው።"

"እሺ።"

"እሺ ከአፍ ነው ከሆድ?"

ልጅቷ መጀመሪያ የአዳራሹን በር፣ ከዚያ የእናቷን ክንድ አየች።

"ከሆድ።"

"በይ እንግባ። ያ ወንድምሽ እየተንሰቀሰቀ ይሆናል።"

ጎን ለጎን ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ሰዉ ሲወጣ ፕሮዲዩሰሩ እያላበው መጣ።

"ከመጥበሻው በኋላ ፊልሙ ተሰበረብን። ከሳቁ ወደ ለቅሶው ዘለሽ ነው የገባሽው። መሃል ላይ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን እኔ እንጃ።"

"አስብበታለሁ" አለችው።

ሦስት ሳምንት አሰበችበት። በመጨረሻ፣ ጎረቤትየው በር አንኳኩቶ ጨው የሚለምንበት ትዕይንት ሰክታ ክፍተቱን ዘጋችው፤ ደህና ያስቅ ነበር። ፊልሙ ወጥቶ ሲታይ አንድ ጋዜጠኛ ሁሉንም ካመሰገነ በኋላ፣ የጨው ለማኙ ጎረቤት አመጣጥ ግን የቸኮለ ሰው መላ ነው ብሎ ጻፈ። ዳይሬክተሯ ጽሑፉን ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። እናቷ መነጽሯን እየጠረገች ሰማቻት።

ጋዜጠኛው ትክክል ነበር።