«ማንም አይክፈተው»

ምናሔም የአባቱን የአጥንት ሳጥን ሊወስድ ኢየሩሳሌም ወዳለው ሱቄ ሲመጣ ስም ብቻ አልበቃውም። በእኛ ልማድ ሟች ዓመት ሲሞላው አጥንቱ ተለቅሞ በድንጋይ ሳጥን ይቀመጣል። በነጩ ድንጋይ ላይ «ዮዔዘር የያኪም ልጅ» ብዬ በዕብራይስጥ ቀርጬ ነበር።

«ከሥሩ ‹ማንም አይክፈተው› ብለህ ጨምርበት» አለኝ።

«ምነው፣ አባትህ ንጉሥ ነበሩ እንዴ?»

አልሳቀም። እኔም ጠረጠርኩ።

በማግስቱ እህቱ ሰጲራ መጣች። አባታቸው በሞተበት ሳምንት የእናታቸው የወርቅ አምባር ጠፍቷል። እሱ ወስዶታል ብላ ዓመቱን ሙሉ ወንድሟን በዓይነ ቁራኛ ስትከታተል ከርማለች።

«ምን አስጻፈህ?»

ነገርኳት።

«ይኸውልህ! አምባሩን ከአጥንቱ ጋር ሊደብቀው ነው። መቃብር የሚበረብር የለም ብሎ! ነገ አጥንቱ ይለቀማል፤ አንተም ና።»

በሕጋችን መቃብር የገባ ሰባት ቀን ይረክሳል። ቢሆንም ሄድኩ፤ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ከቤተሰቡ ዋሻ ስንደርስ ምናሔም ቀድሞን ገብቷል። በሳጥኑ ክዳን ላይ ተቀምጧል።

«ለቅሜ ጨርሻለሁ» አለ።

«ብቻህን? ተነሥ!»

«ጽሑፉን አታነቢም?»

«ያስጻፍከው አንተ ነህ፤ አባዬ አይደለም!»

ገፋችው። ክዳኑን አነሣሁ። ከአባትየው አጥንት መሐል የተልባ እግር ጨርቅ ጥቅልል ነበር። ሰጲራ መንጭቃ ፈታችው።

ከጣቴ የቀጠኑ የጎድን አጥንቶች ነበሩ። ትንሽ የራስ ቅልም ነበረች።

«ልጄ ናት» አለ ምናሔም። «እናቷ የጢሮስ ሴት ነበረች። አባዬ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ሊሞት ሲል ‹እኔ ጋ አስተኛት› ያለኝ ራሱ ነው። አጎቶቻችን ቢያውቁ የባዕድ ልጅ ናት ብለው ከዚህ ያስወጧታል።»

«አምባሩስ?»

«አላየሁትም አልኩሽ እኮ።»

ሰጲራ ሳጥኑን እስከ ሥሩ አየች፤ አምባሩ የለም። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችው።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ጣቢታ።»

«ጻፍላት» አለችኝ።

«አይሆንም፤ ያነቡታል» አለ ምናሔም።

«በክዳኑ ውስጠኛ በኩል ይጻፋ!» አለች ሰጲራ።

መሮዬን አልያዝኩም ነበር፤ በምስማር ጫርኩት። ፊደሎቹ ተጣመሙ፤ ግን ይነበባሉ።

ሰባቱን የመንጻት ቀን ምናሔም እህቱ ቤት ቆየ። ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ በሉ። በሦስተኛው ቀን ሰጲራ ስለ ጢሮሷ ሴት ትጠይቀው ጀመር።