«አንቀጹስ?»

«እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ፣ እትዬ» አለ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን፣ ወረቀቱን በሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል እየገፋ።

ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሎ፣ ወንበር ያጣው በሟቹ መጻሕፍት ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ሚስትየው መነጽሯን አድርጋ አነበበች። የባሏ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ቤተሰቡ ፈርሞ ካጸደቀው ነገ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሊነበብ፣ ከዚያም ፎቶው በኮሪደሩ ከታዋቂዎቹ መምህራን ጎን ሊሰቀል። የተወለደበት ዓመት ልክ ነው። ያስተማረበት ዘመንም ልክ ነው። ከዚያ አንድ መስመር መጣ፦ «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለቀቁ።»

ወይ ጉድ! በገዛ ፈቃዳቸው?

ከስድስት ዓመት በፊት የአንድ ባለሥልጣን ልጅ የፈተና ወረቀቱ ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ ወጣ። ባሏ ዜሮ ሰጠው። «አሳልፈው» ተባለ። እሱም ተማሪዎቹ ቅጽል ስም ያደረጉለትን ያችኑ ጥያቄውን ጠየቀ፦ «አንቀጹስ?» በእሱ ክፍል ያለ አንቀጽ አፉን የከፈተ ተማሪ ወዮለት! ቤትም ያው ነበር፤ «ስኳር ቀንስ» ብትለው እንኳ «አንቀጹስ?» ይላታል። ያን ጊዜ ግን አንቀጽ ሳይሆን የስንብት ደብዳቤ መጣ። ከታች የፈረመውም ይኸው፣ ተማሪ ሳለ ከማዕዷ የማይጠፋው የዛሬው ዲን ነው።

«ፈርሚና እንገላገል እንጂ» አለች የባሏ እህት፣ በጆሮዋ ሹክ ብላ። «ፎቶው እንኳ ይሰቀልለት።»

ፎቶው ቢሰቀል እንዴት ደስ ባላት! ስድስት ዓመት ሙሉ ባሏ በዚያ በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ አይታለች። ብዕር ለመቀበል እጇን ልትዘረጋ ምንም አልቀራትም። ዓይኗ እንደገና ያቺ መስመር ላይ አረፈ።

«ስማ ልጄ» አለችው። «አዋላጅ መሆኔን ታውቃለህ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በገዛ ፈቃዱ የወጣ አንድ አላየሁም። ሁሉም ተገፍቶ ነው።»

ለቀስተኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

ዲኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እንዲህ ካልተጻፈ ፎቶው አይሰቀልም።»

«አንቀጹስ?»

ዲኑ መልሱ እንደጠፋበት ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ተነስታ በሩ ጀርባ ወደተሰቀለው የባሏ ኮት ሄደችና ከደረት ኪሱ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች። ደርቋል። እሱ እንደሚያደርገው ጫፉን «ሃ» ብላ በትንፋሿ አሞቀችው። መስመሩን ሰረዘችና ከላዩ ጻፈች፦ «ዜሮውን አልቀይርም ስላሉ ተባረሩ።» ከጎኑም ባሏ በሰነፍ ተማሪ ወረቀት ላይ የሚጽፋትን ቃል ጨመረች፦ «እንደገና!»

«እንካ» አለችው። «ነገ ይህን ታነባለህ። አንተ ካፈርክ እኔ አነበዋለሁ። ፎቶውንም አልሰቅልም ካልክ፣ እኔው ተሸክሜው መድረኩ ላይ እቆማለሁ።»

ዲኑ ወረቀቱን አጥፎ፣ ቀና ሳይል ወጣ። የባሏ እህት «አበድሽ?» አለቻት።

እሷ እስክሪብቶውን ከድና ወደ ኮቱ ኪስ መለሰችው። ከዚያም ባሏ ወደ ክፍል ሲወጣ በየማለዳው እንደምታደርገው፣ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለች።